የተዋጀው ባሪያ፤ የአባ ሙሴ ጸሊም ሕይወት

በኦሪት ሕግ ኢዮቤልዩ የደስታና የግብር ዓመት ብቻ አልነበረም። በዘሌዋውያን በምዕራፍ 25 እንደ ተጻፈ፥ ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ከተቈጠረ በኋላ በ50ኛው ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋ ነበረ። በዚያም ዓመት ድህነት አስጨንቆት ራሱን የሸጠ ሰው ወደ ወገኑ ይመለሳል፤ ርስቱን የሸጠም ወደ አባቶቹ ርስት ይገባል። ቀንደ መለከቱ የሚነፋበት ቀን ግን የተመረጠ ነው፤ ይኸውም የማስተስረያ ቀን ነው። የኃጢአት ሥርየት ቀድሞ ነጻነት ተከተለው ማለት ነው። ስለዚህ ደብራችን 50ኛ ዓመቱን በሚያከብርበት በዚህ የመታሰቢያ መጽሐፍ የድርሻዬን እንድጽፍ ብታዘዝ፥ ስለ ሕንፃው መሠራትና ስለ አገልጋዮቹ ድካም ሌሎች ጽፈዋልና፥ እኔ የአንድ ባሪያ ነጻ መውጣት እንዴት እንደ ሆነ ልጽፍ ወደድሁ።

ምክንያቴንም አልሰውርም። በየሰንበቱ ከቅጽሩ ውጭ ቆመው የሚያስቀድሱ፥ በሩን ተሳልመው የሚመለሱ ብዙ ወገኖች አሉን። በዕለቱ ሥርዐት ከልክሎት በውጭ የሚቆመውን አላነሣም፤ እርሱ ሥርዐት ጠባቂ ነው። የማነሣው፥ ኃጢአቴ ከምሕረት ይበልጣል ብሎ ከንስሐ አባቱ የራቀውን፥ ሥጋ ወደሙንም ለሽምግልናው ዘመን ያቈየውን ነው። ዳግመኛም በቅጽሩ ውስጥ ቆመን በውጭ ያለውን ሰው በደል የምንቈጥረውን እኛን ነው። ለሁለታችንም ወገን የሚሆን መድኃኒት በአባ ሙሴ ሕይወት ይገኛል።

አባ ሙሴ በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የኖረ ሰው ነው። በትውልዱ ኢትዮጵያዊ፥ በመልኩም ጥቁር ስለ ነበረ ሙሴ ጸሊም ተባለ። በዚያ ዘመን የግሪክ ጸሐፊዎች ከግብፅ በስተ ደቡብ ያሉትን ጥቁር ሕዝቦች ሁሉ በኢትዮጵያ ስም ይጠሯቸው ነበረ። ታሪኩን ከጻፉት አንዱ የግብፅን ገዳማት ዞሮ ያየው ኤጲስ ቆጶስ ጳላድዮስ ነው፤ መጽሐፉንም የጻፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ420 ዓ.ም. ገደማ ነው። ነገሩም በአበው ዜናና በስንክሳር ተመዝግቦ ወደ እኛ ደርሷል፤ መታሰቢያውም ሰኔ 24 ቀን ነው።

ይህ ሙሴ አስቀድሞ የአንድ ሹም ባሪያ ነበረ። ቁመቱ ረጅም፥ ጕልበቱ ብርቱ ሲሆን፥ ጠባዩ አስቸጋሪ፥ እጁም የሰው ገንዘብ የለመደ ሆነ። ጌታውም ክፋቱንና ስርቆቱን መታገሥ ቢያቅተው ከቤቱ አባረረው። ሰው እስከ መግደል መድረሱም ተጽፏል። ባሪያ ከጌታው ቤት ሲወጣ ነጻ ወጣ ይባላል፤ ሙሴ ግን ጌታ ለወጠ እንጂ ነጻ አልወጣም። የወንበዴዎች አለቃ ሆኖ በሥጋው ብዙ ሰው ሲያዝ፥ በነፍሱ ለቍጣው፥ ለሆዱና ለፍትወቱ ታዛዥ ሆኖ ኖረ።

ቍጣው እንዴት ያለ እንደ ነበረ ጳላድዮስ በአንድ ታሪክ ያስረዳል። ሙሴ በአንድ ሌሊት ሊሠራው ያሰበውን ነገር አንድ እረኛ ከውሾቹ ጋር ሆኖ አሰናከለበት። ሙሴም ቂም ይዞ እረኛውን ሊገድለው ፈለገ፤ እረኛው ከዓባይ ወንዝ ማዶ መሆኑንም ሰማ። ጊዜው በእኛ አገር የክረምት ዝናም ምክንያት ዓባይ የሚሞላበት ወራት ነበረና ውኃው እጅግ ሰፍቶ ነበር። እርሱ ግን ልብሱን በራሱ ላይ ጠምጥሞ፥ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ፥ እየዋኘ ተሻገረ። እረኛውም አይቶት አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ አመለጠ። ሙሴ ሰውየውን ቢያጣ ከመንጋው አራት የተመረጡ አውራ በጎች አርዶ፥ በገመድ አስሮ፥ ያንኑ ወንዝ ዳግመኛ እየዋኘ ተመለሰ። ሥጋውን በልቶ፥ ቆዳውን በወይን ጠጅ ለውጦ ጠጥቶ ወደ ባልንጀሮቹ ሄደ። አንባቢ ሆይ፤ ይህን የአራቱን በጎች ነገር በልብህ ያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከዚህ በኋላ ልቡ በጸጸት ተነካ። ስንክሳሩ እንደሚተርከው፥ ሙሴ ፀሐይን ያመልክ ነበረና ፈጣሪ እርስዋ እንደ ሆነች እንድትገልጥለት ይጠይቃት ጀመረ። የማያውቀውን አምላክም ይገለጥለት ዘንድ ይማፀን ነበረ። በአስቄጥስ ገዳም ያሉት መነኮሳት እግዚአብሔርን እንደሚያውቁት ሰማ፤ ሰማና ሰይፉን እንደ ታጠቀ ወደ በረሃው ወጣ። ቄሱ አባ ኤስድሮስ ያን ግዙፍ ሰው በሰይፍ ታጥቆ ሲመጣ ባየ ጊዜ ደነገጠ። ሙሴ ግን የመጣው እግዚአብሔርን ያሳውቁት ዘንድ መሆኑን ነገረው። አባ ኤስድሮስም ወደ ታላቁ ወደ አባ መቃርስ ወሰደው፤ አባ መቃርስም ሃይማኖት አስተምሮ አጠመቀው፤ ቈይቶም መንኵሶ ከአባቶች ጋር ተቈጠረ።

ሙሴ የሠራውን ሁሉ በቤተ ክርስቲያን በእንባ በተናዘዘ ጊዜ አባ መቃርስ ያየው ራእይ አለ፤ በአባቶች ዘንድ እንዲህ ይነገራል። መልአክ በጽሕፈት የጠቈረ ሰሌዳ ይዞ ቆሞ ነበረ። ሙሴ አንዲቱን ኃጢአት በተናገረ ቍጥር መልአኩ ከሰሌዳው ላይ አንዲቱን ይፍቅ ነበረ፤ ኑዛዜው ሲፈጸምም ሰሌዳው ፈጽሞ ነጭ ሆነ።

የዚህን ምሥጢር ሥር ለማግኘት ወደ አባታችን ወደ አዳም መመለስ ያስፈልጋል። አዳምና ሔዋን ከገነት ከወጡ በኋላ ጠላት አስጨንቆ የባርነት ደብዳቤ እንዳጻፋቸው፥ አንዱን በዮርዳኖስ አንዱንም በሲኦል እንዳኖረው፥ 5500 ዘመን ሲፈጸምም ጌታችን የዮርዳኖሱን በጥምቀቱ፥ የሲኦሉን በሞቱ እንደ ደመሰሰልን ሊቃውንቶቻችን ያስተምራሉ። ቤዛ ማለት ስለ ተማረከ ወይም ስለ ተሸጠ ሰው የሚከፈል ለውጥ ነው። ይህን ለውጥ ሰው ከራሱ ሊከፍለው አይችልም፤ ባለ ዕዳው ራሱ የተሸጠ ነውና የሚከፍለው ገንዘብ ከየት ያመጣል? ስለዚህ ባለቤቱ በደሙ ከፈለልን። በጥምቀት የተከፈለልንን እንቀበላለን፤ ከጥምቀት በኋላ በወደቅን ጊዜ ደግሞ በንስሐ ወደዚያው ክፍያ እንመለሳለን። ንስሐ አዲስ ቤዛ አይደለችም፤ አንድ ጊዜ በተከፈለው ቤዛ የምንካፈልባት መንገድ ናት። እንግዲህ መልአኩ የሙሴን ሰሌዳ የፋቀበት ኃይል የሙሴ እንባ ብቻ እንዳይመስለን፤ እንባው እጁን ዘርግቶ መቀበሉ ነው፥ የፋቀው ግን የመስቀሉ ደም ነው።

ሙሴ በበዓቱ ተቀምጦ ሳለ አራት ወንበዴዎች ማን እንደ ሆነ ሳያውቁ መጡበት። እርሱ ግን አራቱንም ይዞ አሰራቸው፥ እንደ ጭድ ስልቻም በጀርባው ተሸክሞ ወንድሞች ወደ ተሰበሰቡበት ቤተ ክርስቲያን አደረሳቸው። እርሱ ማንንም ሊጐዳ የማይገባው ሰው ስለ ሆነ፥ በእነዚህ ላይ ምን እንዲያደርግ እንደሚያዝዙት አባቶችን ጠየቀ። ወንበዴዎቹም የያዛቸው ያ ስመ ጥር ወንበዴ ሙሴ መሆኑን ባወቁ ጊዜ ኃጢአታቸውን ተናዘዙ፤ እንደ እርሱ ያለው ወደ እግዚአብሔር ከተመለሰ እነርሱም መመለስ እንደሚገባቸው አስበው መነኰሱ።

አሁን ወደ አራቱ በጎች እንመለስ። ያ ጀርባ አስቀድሞ አራት የታረዱ በጎች ከእረኛቸው ነጥቆ ወንዝ አሻገረ፤ ኋላ ግን አራት የጠፉ በጎች ወደ እረኛቸው መለሰ። ጕልበቱ ያው ነው፥ ትከሻውም ያው ነው፤ ጌታው ግን ተለወጠ። የኃጢአት ሥርየት ሰውየውን አጥፍቶ ሌላ ሰው አይተካም። እግዚአብሔር የፈጠረውን ጕልበት ከሌባው እጅ አስመልሶ ለተፈጠረበት ሥራ ያውለዋል እንጂ።

ነገር ግን ሰሌዳው በአንድ ቀን ቢነጻ፥ ልማዱ በአንድ ቀን አልሞተም። የዝሙት ሐሳብ ሙሴን እጅግ ስለ ተዋጋው ገዳሙን ጥሎ ለመሄድ እስኪቃረብ ደረሰ። ወደ አባ ኤስድሮስም ሄዶ ነገረው። አባ ኤስድሮስም፥ ይህ የጅማሬው ጦርነት እንደ ሆነ፥ ልማድም በሥጋ ሻጭ ደጅ አጥንት መቈርጠም እንደ ለመደ ውሻ እንደሚመስል፥ የሚሰጠው ሲያጣ ግን እንደሚተወው አስረዳው። በሌላ ጊዜም ወደ ሰገነት አውጥቶ በምዕራብ የሚታወኩትን አጋንንት፥ በምሥራቅም ለቅዱሳን ረድኤት የሚላኩትን ብዙ መላእክት አሳየው፤ የሚረዱት ከሚዋጉት እንደሚበልጡም አስተማረው።

ሙሴም ከደረቅ ኅብስት በቀር ሳይቀምስ፥ በቀን 50 ጸሎት እያደረሰ ተጋደለ። ስድስት ዓመት ሌሊቱን በበዓቱ መካከል ቆሞ አደረ። ሕልሙ ግን አልተወውም። ያን ጊዜ ሌላ ትሩፋት ጀመረ፤ ይኸውም በሌሊት ተነሥቶ ውኃ መቅዳት ለተሳናቸው አረጋውያን ማድጋቸውን እየሞላ ማደር ነው። ውኃውም ከበዓቶቹ የራቀ ነበረና ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ከዕለታት አንድ ሌሊት ከጕድጓዱ አጠገብ ሰይጣን በዱላ ወገቡን መታው፤ እንደ በድን ሆኖ ተገኘ፥ ተሸክመውም ወሰዱት፤ አንድ ዓመት ያህልም ታመመ። አባ ኤስድሮስም ይህ ሁሉ የደረሰበት ፍትወቱን በጕልበቱ ያሸነፈ መስሎት እንዳይታበይ መሆኑን ገለጠለት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮም በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ሕልሙ እንደሚተወው ነግሮ፥ ሳይፈራ ወደ ሥጋ ወደሙ እንዲቀርብ አዘዘው። ከሁለት ወር በኋላም ሲጠይቀው ሙሴ ያ ውጊያ ፈጽሞ እንደ ቀረለት መለሰ።

ምእመናን ሆይ፤ ይህን አስተውሉ። ጕልበት ቢሆን ከሙሴ የሚበልጥ ጕልበት አልነበረም፤ ትጋትም ቢሆን የስድስት ዓመት ትጋት ነበረው። የፈወሰው ግን የንስሐ አባቱ ቃልና የጌታ ማዕድ ነው። እኛ ግን ነገሩን ገልብጠነዋል፤ እስክነጻ ድረስ አልቀርብም እንላለን። በሽተኛ እስኪድን ድረስ ወደ ባለ መድኃኒት አልሄድም ቢል ማን ያመሰግነዋል? ያለ ንስሐ በድፍረት መቅረብ እሳት እንደ ሆነ እኔም አውቃለሁ፥ ዘወትርም እናስተምራለን። በንስሐ ሳይሄዱ ከእሳቱ ብቻ ሸሽቶ መኖር ግን በብርድ መሞት ነው።

ከብዙ ዘመን በኋላ ሙሴ ለክህነት ተመረጠና ነጭ ልብሰ ተክህኖ አለበሱት። ሊቀ ጳጳሳቱ አሁን ሁለንተናው ነጭ መሆኑን ቢያነሡበት፥ እርሱ ውስጡም እንዲሁ ይሆን ዘንድ ተመኘ። ሊቀ ጳጳሳቱም ትዕግሥቱን ሊፈትኑ ወድደው፥ ወደ መቅደስ በገባ ጊዜ መልኩን እየጠሩ እንዲያባርሩት፥ የሚናገረውንም ተከትለው እንዲሰሙ ካህናቱን አዘዙ። ሙሴ ሲወጣ ይህ የሚገባው መሆኑን ለራሱ ሲናገር ሰሙት፤ ሰድቦ አልመለሰም፥ አልተቈጣምም። ያ ወንዝ ዋኝቶ ሰው ሊገድል የሄደ ቍጣ የት ደረሰ? እዚህ ላይ ግን አንባቢ እንዳይሰናከል እንደ ቅኔ ሰሙን ከወርቁ ይለይ። ጥቍረት ኃጢአት፥ ንጣትም ጽድቅ አይደለም፤ ሁሉንም መልክ ያበጀ አንድ ፈጣሪ ነው። ሙሴ ስድባቸውን የትሕትና ልብስ አድርጎ ለበሰው እንጂ ስድቡ በራሱ እውነት ሆኖ አይደለም።

በአስቄጥስ አንድ ወንድም በደል ሠርቶ ተገኘ፤ አባቶችም ሊፈርዱበት ጉባኤ አደረጉ። አባ ሙሴን ቢጠሩት እምቢ አለ። ጉባኤው እርሱን ብቻ እየጠበቀ መሆኑን ቄሱ ሰው ልኮ ሲያስታውቀው ተነሥቶ አንድ ቀዳዳ ማድጋ ወሰደ፥ ውኃ ሞልቶም ተሸክሞ መጣ። ሊቀበሉት የወጡት ሁሉ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ጠየቁት። የእርሱ ኃጢአት ከኋላው እየፈሰሰ ሳያየው፥ ዛሬ በሌላው ሰው በደል ሊፈርድ መምጣቱን ነገራቸው። አባቶችም ይህን በሰሙ ጊዜ ለዚያ ወንድም አንዳች ሳይናገሩ ይቅር አሉት። በሌላ መጽሐፍ በማድጋው ፈንታ ቀዳዳ ዘንቢል፥ በውኃውም ፈንታ አሸዋ ይላል፤ ምሥጢሩ አንድ ነው። አንድም፥ ያ ትከሻ ለአረጋውያን ሌሊት ሌሊት ሙሉ ማድጋ ያመላለሰ ትከሻ ነውና፥ ለበደለኛው ወንድም ቀዳዳውን ማድጋ በመሸከም የበለጠ ውኃ አጠጣው።

ስለዚህ ማድጋ የራሴን በደል ካልተናገርሁ ጽሑፌ ሐሰት ይሆናል። በጕብዝናዬ በቅኔ ቤት ሳለሁ አንድ ባልንጀራችን የጎጆ ጓደኛውን ስንቅ ሰርቆ ተገኘ። ተማሪዎች ተሰብስበን ፈረድንበት፤ ከፈራጆቹም መካከል ድምፁ ከፍ ብሎ የተሰማው እኔ ነበርሁ። ልጁ በዚያው ሌሊት አኰፋዳውን አንግቶ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ በአጥቢያው አላየነውም። የአባ ሙሴን የማድጋ ነገር ያን ጊዜም ሰምቼዋለሁ፤ ነገር ግን ማድጋው በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ያለ መስሎኝ ነበረ። የቅኔ ቤት ዘረፋ አስተካክዬ ስቈጥር፥ ርቦት የሰረቀ ወንድሜን መቍጠር ረሳሁ። አሁን ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ በየቅዳሴው ስሙን በልቤ አነሣለሁ፤ ይቅርታ የምጠይቀው ግን የት አግኝቼ ነው?

አባ ሙሴ ከ70 የሚበልጥ ዕድሜ ደረሰ፤ ጳላድዮስ 75 ዓመት እንደ ኖረና 70 ደቀ መዛሙርት እንደ ተወ ጽፏል። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ407 ዓ.ም. ገደማ በርበር የተባሉ ወራሪዎች በአስቄጥስ ላይ ተነሡ። አባ ሙሴ መምጣታቸውን አስቀድሞ ለወንድሞች ነግሮ ሊሸሽ የሚወድ ሁሉ እንዲሸሽ አዘዘ። እርሱም ይሸሽ እንደ ሆነ ጠየቁት። ሰይፍ ያነሡ ሁሉ በሰይፍ እንደሚጠፉ ጌታ የተናገረው ቃል በእርሱ ይፈጸም ዘንድ ይህን ቀን ብዙ ዓመት ሲጠብቀው እንደ ኖረ መለሰላቸው። ወንድሞችም ሳይለዩት አብረውት ቈዩ። ወራሪዎቹም ገብተው ገደሏቸው። ከወንድሞች አንዱ ግን ፈርቶ ከሰሌን ኋላ ተሸሸገ፤ ከዚያም ሆኖ አክሊላት ሲወርዱ አየ፤ ስንክሳሩም ወጥቶ ከእነርሱ ጋር በሰማዕትነት እንደ ሞተ ይናገራል። የአባ ሙሴ ዐፅም እስከ ዛሬ በግብፅ በዋዲ ናጥሩን በባርሞስ ገዳም ይከበራል።

እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሣል። ኃጢአቱ ከተሰረየለት ስለ ምን የሰይፉን ቀን ጠበቀ? ዕዳው ሳይከፈል ቀርቶ ነውን? አይደለም፤ ሰሌዳው ከነጻ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ነገር ግን የተዋጀ ሰው የራሱ አይደለም፥ የዋጀው ጌታ ገንዘብ ነው። አስቀድሞ ጌታው ሲያባርረው ሙሴ የማንም አልነበረም፤ የማንም ያልሆነ ሰው ነፍሱን ለማቈየት ይሸሻል፥ ይገድላልም። በክርስቶስ ደም ከተዋጀ ወዲህ ግን ባለቤት አገኘ፤ ባለቤት ያለው ሰው ወዴት ይሸሻል? አንድም፥ ያፈሰሰውን የሰው ደም አልረሳውምና ራሱ ሌላ ሰው ሳይመታ በትዕግሥት መሞትን መረጠ። ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ ዓባይን የተሻገረ ሰው፥ ባዶ እጁን ሆኖ የሞትን ወንዝ ተሻገረ።

እንግዲህ በደጅ የቆምህ ወንድሜ፥ አንቺም እኅቴ፤ በደላችሁ ከወንበዴው አለቃ በደል ቢበዛ እንኳ ቤዛው አይጐድልም። ሙሴ ሰይፉን እንደ ታጠቀ መጣ፤ ሰይፉን ፈትቶ እስኪመጣ አልጠበቀም። እናንተም ከነሸክማችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ ኑ፤ ቀኖናው ቢረዝም አትታክቱ። በውስጥ ያለን ካህናትና ሽማግሎች ደግሞ እንደ አባ ኤስድሮስ ከመጣው ሰው ሰይፉን አይተን ብንደነግጥም በሩን አንዝጋ፤ ሊፈርዱ በጠሩን ጊዜም ማድጋችንን ከኋላችን እንመልከት። ስለ ደብራችን ኢዮቤልዩ የምንነፋው ቀንደ መለከት እውነተኛ የሚሆነው፥ አንድ የተሸጠ ወንድም ሰምቶት ወደ አባቱ ቤት የተመለሰ እንደ ሆነ ነው።

በደሙ ለዋጀን ለጌታችን ለአምላካችን ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ ክብርና ምስጋና ይሁን ለዘለዓለሙ፤ አሜን።